ገብሱን ማን ፈጨው?

የተከበራችሁ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ስለ ጥንታዊ ግሪኮች ማዕድ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ግን መጀመሪያ ባለፈው ዓመት ክፍል ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ።

የአጋቶንን ግብዣ እየነገርኳችሁ ነበር። አጋቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ዓመት አቴና ውስጥ በትራጄዲ ውድድር ያሸነፈ ባለቅኔ ነው። ግብዣውን ፈላስፋው ፕላቶ ጽፎታል። እነ ሶቅራጥስ በግራ ክንዳቸው ተደግፈው አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። በቀኝ እጃቸው ይበላሉ፤ ሹካ የሚባል የለም። ወይኑ በውሃ ተበርዟል፤ ሳይበርዙ መጠጣት ለእነሱ የአረመኔ ነገር ነው። የተጋባዦቹን ስም አንድ በአንድ ስጠራ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ማን ነው ያበሰለው?»

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉም የለውም። አጋቶን አገልጋዮቹን ያዛል፤ ስማቸውን ግን አንሰማም። አውሎስ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትነፋዋ ልጅ ገና ከጅምሩ ውጪ ትባላለች። የቤቱ ሴቶችማ ዝር አይሉም። ክፍሉ ራሱ «አንድሮን» ነው የሚባለው፤ የወንዶች ክፍል ማለት ነው።

ያ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ፍለጋ ገባሁ፤ የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ጋ አንዲት ሴት አገኘሁ።

ንጉሡ ኦዲሴዎስ ለጦርነት ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ቤቱ ገብቷል። ሚስቱን ካላገባን ያሉ 108 ወንዶች ቤቱን ወረው ከብቱን እያረዱ ይበላሉ። ሊነጋጋ ሲል የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ምልክት ይለምናል። ሰማዩ ያጉረመርማል። ወዲያው ከወፍጮ ቤት የሴት ድምፅ ይሰማል። 12 ሴቶች ናቸው ገብስና ስንዴ የሚፈጩት። 11ዱ ጨርሰው ተኝተዋል። አንዷ አቅም አጥታ ገና አልጨረሰችም። ወፍጮዋን አቁማ ትራገማለች፦ ጉልበቴን የጨረሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ የመጨረሻ ግብዣቸው ይሁን ትላለች። ኦዲሴዎስ የጠበቀው ምልክት እሷ ሆነች።

እናቴ ስትፈጭ እያየሁ ነው ያደግኩት። ከታች ድንጋይ፣ ከላይ መጅ። በዚያ ዘመን የግሪኮቹም ወፍጮ ይኸው ነበር። እናቴም የምትለው ጉልበቴ፣ ጉልበቴ ነበር።

አሁን ስሙኝ። ሆሜር የኦዲሴዎስን ውሻ ስም ነግሮናል፤ አርጎስ ይባላል። የፈጪዋን ስም አልነገረንም። ለውሻው የተገኘ ስም ለእሷ ጠፋ! 108 ሰው ጠግቦ የሚያድረው በእነዚያ 12 ሴቶች ክንድ ነበር።

እኛስ? በየግብዣው መድረክ ላይ ስፖንሰሩ ይመሰገናል፣ አዳራሹን ያስጌጠው ይመሰገናል። ወጥ ቤቱን የሚጠራው ማነው? ይሄ ያናድደኛል።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። የአብዛኛው ሰው የዕለት ምግብ «ማዛ» ነበር። ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በዘይት ይታሻል። በሶን የምታውቁ ማዛን አታጡትም። የስንዴ ዳቦ ያማረ ማዕድ ነው። ሥጋ በአብዛኛው የሚገኘው መሥዋዕት ሲታረድ ነው። ስፓርታ በምትባለው የግሪክ ከተማ ወንዶቹ በማኅበር ይበላሉ፤ እያንዳንዱ ገብስ፣ ወይን፣ አይብና በለስ ያዋጣል። ማዋጣት ያቃተው ከሙሉ ዜግነቱ ይወርዳል። ያን ገብስ የሚያርሱት ግን ሄሎቶች የሚባሉት የስፓርታ ገባሮች ናቸው፤ ገበታው ላይ ቦታ የላቸውም።

ተመራቂዎች፣ ከነገ ጀምሮ ወጥ ቤቱ የእናንተ ነው። የዛሬውን ምሳ የሠሩት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ማዕዱ ከመቆረሱ በፊት በሩን ክፈቱላቸውና ይግቡ። እዚህ ማይክራፎኑ ጋ ይምጡ፤ ስማቸውን ራሳቸው ይንገሩን።