ስማቸው ቡሳን፣ ዐፅማቸው ሥላሴ፦ የሊቀ መንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባት የኮሪያ ዘማቾች፣ የዘማች ቤተሰቦች፣ የማኅበራችን አባላትና የጥሪያችን እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ስለ ኮሪያ ዘመቻ በተነሣ ቁጥር ጨዋታችን ወደ ተራሮቹና ወደ ምሽጎቹ ያመራል፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን አባቶቻችን መጀመሪያ ስለረገጧት የወደብ ከተማ፣ ስለ ቡሳን እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ ለጉባኤው የማቀርበው የሥራ ሐሳብም ከእሷው ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1950 የሰሜን ኮሪያ ጦር አብዛኛውን ደቡብ ይዞ ሳለ፣ የደቡብ ኮሪያና የተባበሩት መንግሥታት ኃይሎች የናክቶንግን ወንዝ ተገን አድርገው የተከላከሉት የመጨረሻ ማዕዘን በቡሳን ዙሪያ ነበር። ከተማዋ አልተያዘችም። መንግሥቱ መቀመጫውን ወደዚያው አዛወረ፤ ተፈናቃዩም ጎረፈ። በጦርነቱ የተጠፋፉ ዘመዶች ይፈላለጉበት የነበረው ባለ 40 ደረጃው መውጫ ዛሬም በከተማዋ መታሰቢያ ሆኖ ተጠብቋል።

በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ጄኔራል ማክሬ በተባለችው መርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ ተጉዞ በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ቡሳን ደረሰ። ልብ በሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ አገሩ ነፃ የወጣችበት 10ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ የእኛ ጦር የሌላውን ነፃነት ሊያስጠብቅ ባሕር ላይ ነበር። ሻለቃው ቡሳን አካባቢ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ከተለማመደ በኋላ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተደልድሎ ወደ ግንባር ዘለቀ።

ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መካነ መቃብር ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 11,000 ያህል አስከሬን ያረፈበት ሲሆን፣ አብዛኛው ወደየአገሩ ተመልሶ ዛሬ 2,300 ገደማ ቀርቷል። ከእነዚህ ውስጥ 462ቱ የቱርክ ወታደሮች ናቸው። የኢትዮጵያ መቃብር ግን የለም። ከዚህ ወደዚያ የሄደ ሰው ረድፉን እየተከተለ የአገሩን ሰው ሲፈልግ ቢውል አያገኝም፤ አንዳንዱም ቅር ይለዋል። ቅር ሊለው አይገባም። የእኛዎቹ ዐፅማቸው ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ቡሳን ላይ ያለን ስማቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በተሠራው፣ 40,896 ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ በተቀረጸበት ክብ የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ የ122 ኢትዮጵያውያን ስም ሰፍሯል።

ሐሳቤም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ስሞቹ የተቀረጹት በላቲን ፊደል ነው፤ ወልደ፣ ገብረ ወይም ኃይለ ብሎ የሚጀምር ስም ደግሞ በላቲን ሲጻፍ በሁለትና በሦስት ዓይነት እንደሚመጣ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የልጅ ልጅ ግድግዳው ፊት ቆሞ የአያቱን ስም ሳይለይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የ122ቱን ስም በራሳችን ፊደል፣ ከነማዕረጉ፣ ከነአባትና ከነአያት ስሙ፣ ከተወለዱበት ወረዳ ጋር የያዘ መዝገብ ማኅበራችን በዚህ ዓመት ያዘጋጅ እላለሁ። አብረዋቸው የዘመቱት አባቶች በሕይወት ሳሉ ካልጠየቅናቸው፣ ነገ ከወረቀት ብቻ ለቅመን የምናሟላው አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳቤ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን፣ በኮሪያ ሰዓት ከጠዋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የዘማች አገሮች ልጆች ባሉበት ሆነው ፊታቸውን ወደ ቡሳን አዙረው ለአንድ ደቂቃ በጸጥታ ይቆማሉ። ሰዓቱ በእኛም አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ይውላል፤ በዚያ ብርድ ተነሡ ማለት ይከብዳል፤ ዘማቾቹ ግን በባሰ ብርድ ዘብ ቆመዋል። ቀኑ በአብዛኛው ኅዳር 2 ስለሚሆን፣ በዕለቱ ማልደን ሥላሴ መቃብራቸው ዘንድ እንድንገናኝ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሁለቱም በአጀንዳው ተራ ቁጥር 3 ላይ ተይዘዋል። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን እያበሰርኩ፣ ዋና ጸሐፊው የዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ።