ፖፕላርና የእኛ መዋጮ

ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከወጥ ቤት ላልወጡት እህቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም፣ ሐዘን የደረሰባቸውን አስተዛዝነናል፣ የአዳራሹንም ኪራይ እንደምንም ከፍለናል። እንደምንም ያልኩት በምክንያት ነው፣ እመለስበታለሁ።

ዓመቱን ሙሉ ያነታረከን በምሥራቅ ለንደን ያለው የፖፕላር ሰፈር የታሪክ ጉብኝት ነው። "የፈረሰ የእንግሊዝ ካውንስል ምናችን ነው?" ስትሉ በስልክም፣ ቡና ላይም፣ ዋትስአፕ ላይም ሰምቻለሁ። የተመዘገበው ብዙ፣ የመጣው ሰባት ሰው። ከሰባቱ አንዱ እኔ ነኝ።

ለቀራችሁት ልንገራችሁ። ፖፕላር ከ1900 እስከ 1965 (በፈረንጆቹ ነው የማወራው) የራሱ ካውንስል፣ ማለትም የራሱ የሰፈር አስተዳደር፣ ነበረው። የወደብ ሠራተኞች ሰፈር ነው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሥራ የጠፋበት። ያኔ ለድሃ የሚሰጠው ድጎማ የሚወጣው እዚያው ሰፈር ከሚሰበሰብ ግብር ነበር። ስለዚህ ድሃ የበዛበት ሰፈር ብዙ ይከፍላል፣ ሀብታሞቹ እነዌስትሚኒስተር ጥቂት ጣል አድርገው ይገላገላሉ። ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑንም ንፍሮውንም ብቻውን ይቻል እንደማለት ነው፤ ለእድርተኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ላይ ከሰፈሩ ተሰብስቦ መላውን ለንደን ለሚያስተዳድረው ለለንደን ካውንቲ ካውንስልና ለፖሊስ የሚላክ ገንዘብ ነበር።

በ1921 የፖፕላር ካውንስል አባላት፣ ጆርጅ ላንስበሪና ጓደኞቹ፣ "ይህን የሚላከውን አንሰበስብም" አሉ። ፍርድ ቤት ሲጠሩ ተደብቀው አልሄዱም፤ ከንቲባው ሳም ማርች የሹመት ሐብሉን አጥልቆ፣ ሕዝቡ ተከትሏቸው፣ "ምናልባትም ወደ እስር ቤት" የሚል ሰንደቅ ይዘው በእግራቸው ሄዱ። 30 ሰው ታሰረ። ወንዶቹ ብሪክስተን፣ ሴቶቹ ሆሎዌይ። ሴቶቹ በታክሲ ብሪክስተን እየመጡ የካውንስሉ ስብሰባ እስር ቤት ውስጥ ቀጠለ! እኛ ዙም ላይ እንኳ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላልንም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈቱ፣ የድጎማው ወጪም ለመላው ለንደን እንዲከፋፈል ሕግ ወጣ። ከታሰሩት ሴቶች አንዷ፣ የጆርጅ ምራት ሚኒ ላንስበሪ፣ ግን ብዙ አልቆየችም፤ 1922 በገባ በመጀመሪያው ቀን በ32 ዓመቷ ሞተች። ቦው ሮድ ላይ የመታሰቢያ ሰዓት አላት። እኔ ስንት ዓመት በሥሩ ሳልፍ አንድ ቀን ቀና ብዬ ስሟን አላነበብኩም፣ እውነቴን ነው። በ1965 ፖፕላር ከስቴፕኒና ከቤትናል ግሪን ጋር ተዋህዶ ታወር ሃምሌትስ ሆነ፤ እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ የቤት ግብር የምትከፍሉበት ማለት ነው።

አሁን ወደ እንደምንም ልመለስ። እነዚያ አንከፍልም ያሉት በአደባባይ ነው፣ ምክንያታቸውን ተናግረው፣ ታስረውበት። መዋጮ ያልከፈሉት የእኛዎቹ ግን ስልክ አያነሱም። ዛሬም የቀራችሁ፣ ቪዲዮውን ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ እንደምታዩት አውቃለሁ። ተቃውሞ ካላችሁ ኑና ተቃወሙ፣ ወንበር አለ። ዝም ብሎ መጥፋት ግን ምን የሚሉት ነው?

ገንዘብ ያዣችን በሩ አጠገብ ደረሰኝ ይዞ ተቀምጧል። እኔም የሁለት ወር አለብኝ፣ ሳትነግሩኝ ልናገር። ሰልፉን ከፊት ሆኜ እጀምራለሁ።