ጎልድፊሻችሁ ወንድ ነው ሴት? መጀመሪያ ጉንጩን እዩ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ጎልድፊሻችሁ ጉንጭ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ ደቃቅ ነጭ ነጠብጣቦች ካያችሁ፣ መድኃኒት ልትገዙ አትሩጡ። ዓሣው ታሞ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ወንድ ነው፤ ለመራባትም ደርሷል።

[ምስል፦ የጎልድፊሽ ጭንቅላት በጣም ከቅርብ፤ የስንጥቡ (የመተንፈሻው) ክዳን ላይ ነጠብጣቦቹ ይታያሉ]

ከዚህ የጀመርኩት ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደንግጦ ጤነኛ ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ መድኃኒት ስለሚጨምር ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ልዩነቱን ማወቅ ከባድ አይደለም። እውነት ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ በሽታ አለ። ኢክ ይባላል፤ የሚያመጣውም ደቃቅ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ኢክ ግን ቦታ አይመርጥም። ጅራት ላይ፣ ጀርባ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ያገኘው ቦታ ሁሉ ይበተናል። ዓሣው ያሳክከዋል፣ ገላውን ከጠጠርና ከዕቃ ጋር ያሻሻል፣ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል፣ ምግብም ይቀንሳል።

የወንዱ ነጠብጣብ ሁለት ቦታ ነው የሚወጣው። አንደኛው የስንጥቡ ክዳን ነው፤ ጉንጭ ያልኳችሁ እሱን ነው። ሁለተኛው ከስንጥቡ ኋላ ያሉት ሁለቱ የደረት ክንፎች ናቸው፤ እዚያም የክንፉን የፊት ጠርዝ ይዞ በመስመር ይደረደራል። ዓሣው ደግሞ እንደ ወትሮው ይበላል፣ ይዋኛል፣ እንዲያውም ከወትሮው በላይ ይንቀሳቀሳል። በደንብ ለማየት የስልካችሁን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩበት። ከፊት ሲበራ ቅርፊቱ ራሱ ስለሚያበራ ነጠብጣቡ ይጠፋችኋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጠብጣቡ ካለ፣ ወንድ ነው ብላችሁ ብትገምቱ የምትሳሳቱት ከስንት አንዴ ነው፤ ዕድሜዋ የገፋ ሴትም አልፎ አልፎ ጥቂት ልታወጣ ትችላለችና። ነጠብጣቡ ከሌለ ግን «እንግዲያው ሴት ናት» አይባልም። የመራቢያ ጊዜው ሲያልፍ ይጠፋል። አንዳንዱ ወንድ ላይ ደግሞ በጣም ጥቂት ስለሆነ አይታይም። ገና ልጅ የሆነ ዓሣም ጨርሶ አያወጣም። ጎልድፊሽ ለመራባት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በፊት በመልኩ አይታወቅም። ስለዚህ ሻጩ የጣት ርዝመት ያላቸውን ጩጬዎች አሳይቶ «ይሄ ወንዱ፣ ይቺ ሴቷ» ቢላችሁ፣ ለጥንድ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። እየገመተ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ዓሦች በሰፊ ነጭ ሳህን ውስጥ፣ ከላይ የተነሱ]

ሴቷን ለመለየት ደግሞ ከላይ ተመልከቱ። ጎልድፊሽ መጀመሪያ የተረባው ቻይና ውስጥ ነው፣ ከ1000 ዓመት በፊት። ያኔ የመስታወት አኳሪየም የሚባል ነገር የለም፤ ዓሣው የሚኖረው በኩሬና በሸክላ ገንዳ ነበር፣ ሰውም የሚያየው ከላይ ነው። ጃፓኖች ራንቹ የሚሉትን ዝርያ ዛሬም በውድድር ላይ ከላይ እያዩ ይመዝኑታል። የሴቷም ምልክት ከላይ ሲታይ ነው ቁልጭ የሚለው። እንቁላል የያዘች ሴት ሆዷ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ጎኖቿ እኩል አይሆኑም፤ አንዱ ወገን ይበልጥ ወጣ ይላል። ወንዱ ቀጠን ያለ ነው፣ በሁለቱም በኩል እኩል።

ግን ሆድ ብቻ አይታመንም። ብዙ የበላ ዓሣም ሆዱ ይነፋል። ኦራንዳና ሪዩኪን የመሳሰሉት ዝርያዎች ደግሞ ወንዱም ሴቱም ሲፈጠሩ ድቡልቡል ናቸው። በተለይ ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ ከገላው ወደ ውጭ የቆመ ዓሣ ካያችሁ፣ ያ እርግዝና መስሏችሁ አትደሰቱ። ገላው ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ነው፤ ከባድ የሕመም ምልክት ነውና ቶሎ ለብቻው አድርጉት።

ሌላው መለያ ከሆዱ ሥር፣ ከጅራቱ በፊት ያለችው ቀዳዳ ናት። እንቁላል መጣያዋ የደረሰ ሴት ላይ ክብ ሆና ወደ ውጭ ወጣ ትላለች። ወንዱ ላይ ጠባብና ወደ ውስጥ ገባ ያለች ናት። ይህን ለማየት ዓሣውን በእጅ አትያዙት። ገላውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ የሚከላከልለት ነው፤ ስትይዙት ይላጣል። ጥርት ባለ ዕቃ ውስጥ፣ በራሱ ውሃ፣ ለትንሽ ጊዜ አድርጋችሁ ከሥር ተመልከቱ። ሆዱንም ፈጽሞ አትጭመቁ። የደረት ክንፉም የወንዱ ረዘምና ሾል ይላል፣ የሴቷ አጠር ብሎ ክብ ነው፤ ክንፈ ረጃጅም ዝርያዎች ላይ ግን ይህ ብዙም አይረዳም።

[ምስል፦ አንድ ዓሣ ሌላውን ከኋላ ሲያሳድድ]

ማሳደዱስ? ወንዱ ሴቷን ከኋላ እየተከተለ ሆዷን በአፍንጫው ይገፋል። ጠብ አይደለም፤ እንቁላሏን እንድትጥል እየገፋፋት ነው። ሴቷ እንቁላሏ ሲደርስ ከሽንቷ ጋር ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ትለቃለች፤ ወንዱ ያን አሽትቶ ነው እንዲህ የሚያብደው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማለዳ ነው፣ በተለይ ቀዝቅዞ የከረመው ውሃ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ። ሆኖም ሴት በሌለችበት ወንዶቹ እርስ በርስም ይሳደዳሉ። ስለዚህ የሚሳደዱ ዓሦች ስላያችሁ ብቻ ጥንድ አለን አትበሉ፤ የሚያሳድደውን ጉንጭ፣ የሚሳደደውን ሆድ ደርባችሁ እዩ።

እንቁላሉ ተጣባቂ ነው፣ ተክልና መስታወት ላይ ይለጠፋል። ወላጆቹ ራሳቸው ይበሉታል። ጫጩት የምትፈልጉ ከሆነ እንቁላል የያዘውን ተክል ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሩ፤ እንደ ውሃው ሙቀት ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል።

ጾታቸውን ማወቅ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ግን ለሴቷ ነው። አንዲት ሴት ከሁለት ሦስት ወንዶች ጋር በጠባብ አኳሪየም ከሆነች፣ ቀኑን ሙሉ ስትሳደድ ቅርፊቷ ይረግፋል፣ ክንፏ ይቀደዳል፣ ትዝላለች። ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት ቢሆን ይሻላል። ያ ካልሆነ የምትደበቅበት ጥቅጥቅ ያለ ተክል አስገቡላት። ከመስታወቱ ጥግ ተጣብቃ፣ ስንጥቧን ቶሎ ቶሎ እያራገበች ካያችኋት ግን ነገ አትበሉ። ወንዶቹን ዛሬውኑ ለዩላት።