ቡና ሲቀላ፦ ጅማን በካሜራ መቼ?

[ምስል፦ አንድ የቡና ቅርንጫፍ፣ በጣም ቀረብ ብሎ]

ይቺን ቅርንጫፍ እዩዋት። አንዱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። አጠገቡ ያለው ቢጫ ሆኗል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበሰለ በርበሬ መስሏል። ሁሉም እዚችው ቅርንጫፍ ላይ።

ምክንያቱ ዝናብ ነው። ከደረቁ ወራት በኋላ አንድ ደህና ዝናብ ሲጥል፣ በሳምንት በዐሥር ቀን ውስጥ የቡናው ነጭ አበባ ይፈነዳል። ዝናቡ ቆረጥ ቆረጥ እያለ ሲመጣ አበባውም በዙር ይወጣል። ከ7 እስከ 9 ወር ቆይቶ ፍሬው የሚቀላውም እንዲሁ በዙር ነው።

[ምስል፦ ጅማ ዞን ያለው በለጠ-ጌራ የተባለው ደን፣ ከላይ]

የካናዳንና የጃፓንን ቀይ ጫካ በስልካችን እናያለን። እዚያ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ አረንጓዴ ያደረገውን ክሎሮፊል ያፈርሳል፤ ስር የነበረው ቢጫ ብቅ ይላል። ቀዩን አብዛኞቹ ዛፎች ያኔ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ትንበያ ይወጣል፣ ፎቶ አንሺውም ቀን ይቆርጣል።

ጅማ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደኑም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ ቀዩን የሚያመጣው ቡናው ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ።

ታዲያ በየትኛው ሳምንት እንሂድ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የአየር ጠባይ አፕ ከፍቶ ያቅዳል። ካናዳ የሚቀላውን የሜፕል ዛፍ ቅጠል ነፋስ ያወርደዋል፤ ቀይ እሸት ቡናን ግን ሰው ነው የሚለቅመው። ፍሬው በቀላ በማግስቱ ለቃሚ ከገባ፣ እናንተ የምትደርሱት ለአረንጓዴው ነው። ስለዚህ ደውላችሁ ባለ ማሳውን ጠይቁ፦ «ለቀማ መቼ ነው የምትጀምሩት?» ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከለቃሚዎቹ ጋር መግባቱ ይሻላል። እጅ፣ ቅርጫት፣ ጨዋታ፤ ባዶ ማሳ ይህ ሁሉ የለውም።

ካመለጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ቡናውም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ዝቅ ያለው ማሳ ተለቅሞ ሲያልቅ ወደ ደጋ የሚጠጋው ገና እየቀላ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ ጧት፣ በጥላ ዛፎች መሀል የሚገባ ብርሃን]

ብርሃኑን በተመለከተ አትዘናጉ። ኅዳር ላይ ፀሐይ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ ከዚያ ሽቅብ ነው የምትሮጠው። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። 3 ሰዓት ካለፈ በጥላው ዛፍ ቅጠል የሚሾልከው ፀሐይ ማሳውን ነጭና ጥቁር ያዥጎረጉረዋል። ደመና ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ትችላላችሁ።

የቡና ቅጠል ያንጸባርቃል፣ በተለይ ዝናብ ሲነካው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ካላችሁ ሌንሱ ላይ ግጠሙና እያያችሁ አዙሩት። ነጩ ነጸብራቅ ጠፍቶ አረንጓዴው ሲጠልቅ ቀዩ ራሱ ወደ ፊት ይመጣል። በስልክ የምታነሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፍሬውን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ። ካሜራው ጨለማውን ማሳ አይቶ ብርሃን ሲጨምር ቀዩ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ቀይ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም።

ማሳ ሲገቡ ሰላምታ ይቅደም። «አካም ቡልተኒ» ብላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ካሜራ። ያነሳችሁትንም በቴሌግራም ላኩላቸው። «እልካለሁ» ብሎ የሚጠፋው በዝቶ ሰው ተሰላችቷል።

[ምስል፦ የማድረቂያ አልጋ፣ ፍሬ የሚያገላብጡ እጆች]

ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ወደ ማድረቂያው አልጋ ሂዱ። ትናንት የገባው ቀይ ነው፤ የቆየው ጠቁሮ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሆኗል። ከላይ ሆናችሁ አንሱት፣ የቀዩና የጥቁሩ አልጋ ጎን ለጎን ይግቡ።

አበባውን የሚፈልግ የበጋው ማብቂያ ላይ የመጀመሪያዋን ዝናብ ይጠብቅ። ዘነበ ሲሏችሁ በሳምንቱ ሻንጣችሁ ዝግጁ ይሁን፤ አበባው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም።