ስማችን ተጽፎበት ባዶ የቀረው ወንበር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ የቦርድ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሥራ አስፈቅዳችሁ፣ ፈተና እያለባችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትናንት ማታ ወንበር ሲደረድሩ ላመሹ በጎ ፈቃደኞችም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

የዓመቱ ሥራ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት አለ። የግጭት አፈታት ስልጠና ሰጥተናል። የሐሰት ወሬ የሚያጣራ ቡድን አቋቁመናል። ሒሳባችን ኦዲት ተደርጓል። በዚህ ሁሉ ኮርቻለሁ። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነገር ነው።

እኛ ወጣቶች ለዓመታት ስንጮህ የኖርነው "ስለ እኛ ሲወሰን እኛም እንኑርበት" ብለን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ውሳኔ ቁጥር 2250ን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። ስለ ወጣቶች፣ ሰላምና ፀጥታ ብቻ የወጣ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው። ከአምስቱ ምሰሶዎቹ ቀድሞ የተጻፈው ተሳትፎ ነው። በ2018 እና በ2020 ሌሎች ሁለት ውሳኔዎች ተከትለውታል። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርማ ከዚያም ይቀድማል፤ በ2006 የጸደቀ ሲሆን አንቀጽ 17 የወጣቶችን የሰላምና የፀጥታ ሚና ይደነግጋል። መብቱ ተጽፏል። ይዘነው ስንሄድ በሩን የዘጉብን ብዙ ናቸው፤ ሲጋብዙንም ለፎቶ ነበር።

ዘንድሮ ግን አንድ መሥሪያ ቤት የፀጥታ ፖሊሲ ሲያረቅ ሁለት መቀመጫ ሰጠን። በደብዳቤ ምልልስ ብቻ ስንት ወር እንደፈጀብን ሥራ አስፈፃሚው ያውቃል። ዜናው የተሰማ ቀን ቴሌግራም ግሩፓችን በደስታ ተጥለቅልቆ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለቱም ተወካዮቻችን ተገኙ። በሁለተኛው ማንም አልሄደም። በሦስተኛው ስብሰባ ቀን በሌላ ጉዳይ እዚያው ሕንፃ ነበርኩና በተከፈተው በር አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የማህበራችን ስም የተጻፈበት ካርድ ቆሟል። አጠገቡ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ አለ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩና ረቂቁን ገለጥኩ። "ወጣት" የሚለው ቃል በተነሳበት ሁሉ ጎኑ "ተጋላጭ" አለ፣ "ሥራ አጥ" አለ፣ "ስጋት" አለ። "አስታራቂ" የሚል አንድም ቦታ የለም። በውሳኔ 2250 መሠረት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለፀጥታው ምክር ቤት የቀረበው ጥናት እኮ አብዛኛው ወጣት በግጭት ውስጥ እጁ እንደሌለበት ነው የሚናገረው። እጄን አውጥቼ ይህንን ስናገር ሰብሳቢው በትህትና መለሱልኝ፦ "ባለፈው ስብሰባ በዚህ ክፍል ላይ አስተያየት ጠይቀን ነበር። ከእናንተ በኩል ሰው አልነበረም።"

ምን ልበላቸው? ቃል አጠረኝ።

ዘንድሮ አንዲት አባላችን ምን እንደሠራች ታውቃላችሁ። የሁለት ሰፈር ልጆች ለነገ ጠብ ቀጠሮ መያዛቸውን ሰማች። ሌሊቱን ሙሉ ለአንዱም ለሌላውም ስትደውል አደረች። ጠዋት ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ልጆች ፊት ለፊት አስቀመጠች። ጠቡ ቀረ። ረቂቁ ውስጥ ይህ የለም። የሚናገርላት ሰው ወንበሩ ላይ ስላልነበረ የለም።

ለመቅረት ምክንያት አልነበረም አልልም። ሰነዱ የሚደርሰን በስብሰባው ዋዜማ ማታ ነው። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ነው። ለስልጠና ገንዘብ የሚሰጡን አጋሮቻችን የተወካይ ትራንስፖርት ስንጠይቅ "በጀቱ አይፈቅድም" ይሉናል። በዚህ እናደዳለሁ፤ በየስብሰባውም አንስቻለሁ። ግን አልችልም ብሎ ቀድሞ መደወል በጀት አይፈልግም። ሌላ ሰው እንተካ ነበር።

አሁን የምናገረው ዛሬ እዚህ ላልተገኛችሁት፣ ቪዲዮውን በኋላ ለምታዩት ነው። ግሩፑ ላይ ረጅም አስተያየት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ጎበዞች ናችሁ፤ የጻፋችሁትን አነባለሁ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ናችሁ። ያ ሐሳብ ግን ከስልካችን አልፎ ረቂቁ ውስጥ አልገባም። ናፍቃችሁኛል። ተቆጥቼባችሁማለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ረቂቁ ገና አልተዘጋም። የመጨረሻው ስብሰባ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የወጣቶችን ክፍል እንደገና ጽፈን እንድናቀርብ ሰብሳቢውን ለምኜ ፈቅደውልናል። ስለዚህ የዛሬውን የአጀንዳ ቅደም ተከተል ቀይሬዋለሁ። የሪፖርቱ ውይይት ከሰዓት ይሁን። ተራ ቁጥር አንድ የተወካዮች ምርጫ ነው፦ ሁለት ተወካይ፣ ሁለት ተጠባባቂ። እጃችሁን የምታወጡ ያንን ቀን ከወዲሁ ከሥራ አስፈቅዱ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጥቆማ እንቀበላለን።