በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ

እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ ንግግር ብዙም አልችልበትም። ስለ ድባቴ መድኃኒት ንገሪን ስትሉኝ ግን ወዲያው ትዝ ያለችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት።

ፍሉኦክሰቲን ነበር የምትወስደው። 20 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። ስለዚህ እንክብሎቹን ከማሸጊያቸው አውጥታ ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻቸው። "ምንድን ነው የምትውጪው?" ስትባል "ቫይታሚን" ትላለች፤ በቃ። አንድ ቀን ወገቧን አሟት ክሊኒክ ሄደች። "የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ?" አሏት። ባሏ አጠገቧ ቆሟል፣ ምን ትበል? "የለም" አለች። ትራማዶል ታዘዘላት።

በማግስቱ ማታ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ልቧ ይደልቃል፣ ቁጭ ማለት አቃታት። ቤተሰቡ ጠበል ሊወስዳት ሲነሳ እህቷ ብልቃጧን ይዛ እኔ ጋ ሮጠች። መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል!" እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

ምን ሆና ነው? ሴሮቶኒን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚቀባበሉበት ኬሚካል ነው። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም የመሳሰሉት መድኃኒቶች አንዱ ሕዋስ የላከውን ሴሮቶኒን መልሶ እንዳይሰበስበው ያግዱታል። ትራማዶልም የሕመም ማስታገሻ ይባል እንጂ በጎን ሴሮቶኒን ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ሴሮቶኒኑ ከልክ ያልፋል። ሁለቱን አብሮ የወሰደ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ሲብስ ግን ሕይወት ያጠፋል። ደግሞ ትራማዶል በየሰፈሩ እንዴት እንደሚዋጥ እናንተም ታውቃላችሁ። ሌሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም፣ ከእነዚህ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲሆኑ ጨጓራ የማድማት ዕድላቸው ይጨምራል።

"ታዲያ ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ ለምን ትሸጡታላችሁ?" ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዓይነት የድባቴ መድኃኒቶች፣ እነ አሚትሪፕቲሊን፣ አንድ ሰው ብዙ ፍሬ በአንዴ ቢውጥ ልብ ያቆማሉ። ፕሮዛክ በሚል ስም የታወቀው ፍሉኦክሰቲን አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1987 መጨረሻ ሲፈቀድ ሐኪሞች የወደዱት አንዱም ለዚህ ነው፤ በዚህ በኩል ከእነሱ በጣም ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ድሮ እኔም "ሴሮቶኒን አንሶሽ ነው" እል ነበር። ዛሬ አልልም። በ2022 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም። ቢሆንም ወገባችሁን በቅባት ታሽታችሁ ቢሻላችሁ፣ ወገቤ የታመመው ቅባት አንሶት ነው አትሉም አይደል? መድኃኒቱ ብዙ ሰው ይረዳል፤ ድባቴው ሲከብድ ጥቅሙ ጎላ ይላል፣ ቀለል ላለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክክር ይቀድማል።

አስቸጋሪው ነገር ክፉው ቀድሞ፣ ደጉ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መረበሽ፣ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣሉ። ሆድ የሚረበሸው ወዶ አይደለም፣ አብዛኛው የሰውነታችን ሴሮቶኒን ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ለውጡ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ስንቱ ሰው በአሥረኛው ቀን "ይሄ ነገር ገደለኝ እንጂ ምን ጠቀመኝ" ብሎ ይጥለዋል መሰላችሁ!

ታላላቆቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና የአልጋውንም ነገር ልናገር። ፍላጎት ይቀንሳል፣ እርካታ ይዘገያል። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚተወው በዚህ ነው፣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይነግረኝም። ብትነግሩን መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል።

ሱስ ያስይዛል ወይ? እንደ መጠጥና እንደ ሲጋራ አምሮት የለውም። ግን በድንገት ካቆማችሁት ራስ ይዞራል፣ ኤሌክትሪክ ጭንቅላታችሁን ነዘር ያደረገው ይመስላችኋል፣ ብስጭቱም አይጣል ነው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ቀስ እያላችሁ ትቀንሳላችሁ፤ እሱም ከተሻላችሁ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ቀጥላችሁ። ጾም ገባ ተብሎ አይቆምም፤ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁን።

ወላጆች፣ ይቺን ስሙኝ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ በፈረንጆቹ 2004፣ እነዚህ መድኃኒቶች በልጆችና በጎረምሶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ ይችላሉ ብሎ ከሁሉ የጠበቀውን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2007 ዕድሜውን እስከ 24 አደረሰው። መድኃኒት ክልክል ነው አላለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ልጃችሁን ዓይናችሁ ሥር አድርጉ፣ አነጋግሩት። መቁነጥነጥ ከጀመረ፣ ወይም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ዓለምን ልግዛ ካለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪሙ ጋ ሂዱ። ራሴን አጠፋለሁ ካለማ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ያቺ ደንበኛዬ ዛሬም ትመጣለች። መድኃኒቱ አሁን በራሱ ማሸጊያ ነው፣ ቲቪው አጠገብ ይቀመጣል። "ጠዋት ስረሳ የምታስታውሰኝ አማቴ ናት" አለችኝ ባለፈው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አለ። ቦርሳችሁ ውስጥ መድኃኒት የያዛችሁ፣ ብልቃጡ ምንም ይሁን ምን፣ ሻይ እስኪቀርብ ይዛችሁልኝ ኑ፤ አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን።