ንባቡ አልፎኝ ነው?

የተከበራችሁ የቤተ መጻሕፍታችን አባላት፣ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ ከቢቸናና ከደብረ ኤልያስ ድረስ በዚህ የሐምሌ ዶፍ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ልጆቼም፤ እንደምን አመሻችሁ?

የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የስንብትና የምስጋና ንግግር፣ 10 ደቂቃ» ይላል። ምስጋናውን ቶሎ ልጨርሰው። 19 ዓመት ሙሉ የውሰት መዝገቡን አምናችሁ ሰጥታችሁኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደመወዙ ለወሬ የሚበቃ ባይሆንም ዘግይቶ አያውቅም፤ ሒሳብ የያዘችልንን እመቤት አመሰግናለሁ። ስንብቱም አጭር ነው፤ ዓርብ ቁልፉን አስረክባለሁ። የቀሩኝን ስምንት ደቂቃዎች ግን ከምስጋናው አትደምሩብኝ። ሰዓት ያዥዋ ልጄ ከፊት ተቀምጣለች፤ አይቻታለሁ፤ ዛሬ እንደምንጣላም ከወዲሁ አውቄዋለሁ።

ነገሬ ስለ ንባብ ምሽታችን ነው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እዚህ አዳራሽ ባነር ሰቅለን፣ ደራሲ ጋብዘን የምናደርገው፣ «ደብረ ማርቆሶች መጽሐፍ ወዳድ ናቸው» ያሰኘን ምሽት። አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ ግማሾቻችሁ የዚያን ዕለት እዚሁ ነበራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ደራሲ ጠርተን ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ሌሊት ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር አቋርጦ መጣ። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ ታሪኩ እዚሁ እኛው አገር፣ ገጠር ውስጥ የሚካሄድ። ማስታወቂያውን በየግድግዳው የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በትልቁ «ታላቅ የንባብ ምሽት» ይላል።

ያን ማስታወቂያ አንድ አዛውንት የኔታ ሰሙት። «አዩት» አላልኩም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚመራቸው ልጅ ነው ያነበበላቸው። ዕድሜያቸውን ንባብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፕሮግራሙ 10 ሰዓት ነው ተብሎ እርሳቸው 9 ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ከኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። እኔ ገና ወንበር እየደረደርኩ ነበር።

10 ሰዓት የተባለው 11 ሊሆን ሲል ተጀመረ። መድረክ መሪው የፊቱን ሦስት ረድፍ ሰው በየማዕረጉ ጠራ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ተባለ። የክብር እንግዳው ስለ ንባብ ጥቅም ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። መጽሐፍ ለሰው ልጅ ስንት ነገር እንደሚያደርግ ከዚያ በፊት እንዲህ በሰፊው ሰምቼ አላውቅም። (የእኛ አባል አይደሉም፤ ቢሆኑ ኖሮ መዝገቤ ላይ አገኛቸው ነበር።) ማሲንቆ ተመታ። ሦስት ወጣቶች የየራሳቸውን ግጥም አቀረቡ። አንድ ምሁር ዳሰሳ አደረጉ፤ «ደራሲው የገጠሩን ሕይወት ቁልጭ አድርጎ ስሎታል» አሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰርተፊኬት ተሰጠ። ለደራሲው ጋቢ ተደረበለት። ፎቶ፤ ደግሞ ሌላ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ላይ አንድ የቦርድ አባል ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና። ደራሲው ማይክሮፎኑን ሲይዝ ለ1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። መድረክ መሪው በጆሮው «ባጭሩ» ሲለው ማይክሮፎኑ ሰምቶ ለሁላችንም ነገረን። ሰውየው መጽሐፉን ገለጠ፣ አንድ ገጽ ከግማሽ አነበበና ዘጋው። አጨበጨብን።

ሰው ሁሉ ሲወጣ የኔታ አልተነሡም። ወንበር ልሰበስብ በአጠገባቸው ሳልፍ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ንባቡ አልፎኝ ነው?»

«ኧረ የለም የኔታ። አሁን አለቀ።»

«የቱ?»

ጎጃሜ ነኝና መጀመሪያ ወርቁን ፍለጋ ሄድኩ። የቅኔ አገር ሰው እንዲህ ሲጠይቅህ ሰሙን ትተህ ከሥሩ ያለውን ነው የምትቆፍረው፤ ሽሙጥ መስሎኝ ነበር። ሰም የለ፣ ወርቅ የለ። ሰውየው የምራቸውን ነው። ንባብ ተብለው ተጠሩ፣ ንባብ ሊሰሙ መጡ፣ አራት ሰዓት ያህል በእንጨት ወንበር ላይ ጠበቁ፤ አንዷ ገጽ ከግማሽ ስትነበብ ገና መግቢያ መስላቸዋለች።

ለእርሳቸው ንባብ የሥራ ስም ነው። ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ፣ አቡጊዳውን አልፎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ፣ ግዕዙን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። የቃላቱን የድምፅ አጣጣል፣ ተነሹን፣ ተጣዩን፣ ወዳቂውንና ሰያፉን ለይቶ ማንበብ አለበት። የሚነሣውን ቢጥል፣ የሚጣለውን ቢያነሣ መምህሩ እዚያው ያስቆሙታል። በአፍ ይነበባል፣ በጆሮ ይታረማል። እንዲህ ያለውን ሰው «ንባብ» ብለን ጠርተን ያን ማሳየት፣ ጽዋ ጠጡ ብሎ ጠርቶ ጠላ ሳይቀዱ መሸኘት ነው።

ሰኞ ዕለት ልጁ እየመራቸው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ። «ያ መጽሐፍ አለህ?» አሉኝ። ሁለት ቅጂ ገዝተን ነበር። ሁለቱም ከኋላ ያለው የውሰት ካርድ ንጹሕ ነበር፤ አንድም ስም፣ አንድም ቀን የለበትም። ወንበር አቀረብኩላቸውና ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ አንድ ቀን፣ በየቀኑ ከ9 እስከ 10 ሰዓት። ዕድሜዬን ሙሉ አነባለሁ እል ነበር፤ ንባብ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። «አትሩጥ፤ ማን አባረረህ?» ይሉኛል። አራት ነጥቡን ስውጠው ያውቁብኛል፤ ወረቀቱን ሳያዩ እንዴት እንደሚያውቁ እስካሁን አልገባኝም።

በስድስተኛው ቀን ባለታሪኩ ገበሬ በሐምሌ ጤፉን አጨደ።

«ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«በሐምሌ?»

«በሐምሌ ይላል፣ የኔታ።»

«ጤፍ?»

«ጤፍ።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «በል ቀጥል፤ ምስኪን፣ ከተማ አድጎ ይሆናል» አሉ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሐምሌ ነው። ስትመጡ ጫማችሁ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እዩት። ከከተማው ዳር ወጣ በሉ፤ ጤፍ ገና እየተዘራ ነው። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ይሄን ለማወቅ ዳሰሳ አያስፈልግም። ያን ቀን በዚህ አዳራሽ ከመቶ በላይ ሰው ነበር፤ ከመቶው ስንቱ የገበሬ ልጅ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። የገጠሩን ሕይወት ቁልጭ አድርጎ ስሎታል ሲባል ያጨበጨብነው እኛ ነን! አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ጤፍ በሐምሌ አይታጨድም» አላለም። ለምን? ደግነት አይደለም። ይሉኝታም አይደለም። አንድ ሰው አላነበበውማ! እኔም አላነበብኩትም፤ ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ራሴ።

ለደራሲው ደወልኩለት። ለአፍታ ድምፁ ጠፋ፤ ከዚያ ሳቀ። መጽሐፉ ከወጣ ስምንት ወሩ ነበር፤ በአራት ከተማ ተመርቋል፤ ይሄን የነገረው ሰው አልነበረም። «ሁለተኛው እትም ላይ አርመዋለሁ» አለኝ። ሁለተኛ እትም አልወጣም።

እኛ የት አገር ነን? የቅኔ ጉባኤ ቤቱ ዋሸራ የማን ነው? ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ? ከስንት አገር ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ እየበላ የመጣው ወደ ማን ነው? ጋቢ ሊሸለም አልመጣም። ቀን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ሲመሽ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያፈርሱበታል። ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት አጭሯ ቅኔ ጉባኤ ቃና እንኳ ሳትታረም አታልፍም፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደረሰው ስንት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቶ ነው። «ይበል!» የሚባለው ከተሰማ በኋላ ነው። እኛ ግን ሳንሰማ «ይበል» የምንል ሆነናል። ደራሲውን ጋቢ አለበስነው፤ ጋቢ አዲስ አበባም አለ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ሊነበብ ነበር፤ እሷኑ ነፈግነው።

አታጨብጭቡ። እባካችሁ። እኔ የምላችሁ ይሄንኑ ነው።

«ዘመኑ ተለውጧል፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ትዕግሥት የለውም» ትሉኛላችሁ። የፕሮግራም ኮሚቴው በየጊዜው የሚሰጠኝ መልስ ይሄ ነው። እኔ አላምንም። የዚሁ አገር ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ምን እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ለትረካው ባትሪው እንዳያልቅ ሌላ ፕሮግራም አይከፈትም፤ ዜና እንኳ ይታለፍ ነበር። ቤቱ ሞልቶ ደጅ የምንቆም ነበርን። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያወሩ የጎረቤት ልጅ ትመስል ነበር። የክብር እንግዳ አልነበረም። ማይክሮፎኑ ፊት አንድ ሰውና አንድ መጽሐፍ፤ በቃ። ያ ሕዝብ የት ሄደ? እዚሁ ነው፤ ከኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ንባቡ መቼ ነው እያለ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የአባላት ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ነገር ለምን እንደተፈጠረ ሳነብ ያገኘሁት ነው። ቶማስ ካርላይል የሚባል ጸሐፊ ለንደን ውስጥ ነበር፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን መጽሐፍ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ስለማይፈቀድ ያንገበግበው ነበር። በእነርሱ አቆጣጠር በ1840 ሰው ሰብስቦ ጉዳዩን ተናገረ፤ በ1841 የለንደን ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ዛሬም አባላቱ እየከፈሉ ይዋሱበታል። አዎ፣ እርሱም የተጀመረው በንግግር ነው፤ አልክድም። ከንግግሩ በኋላ ግን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወጥቶ ሰው ቤት ገባ። የእኛ የምሽቱ ዕለት አዳራሹ ይሞላል፤ ሰኞ ስከፍት መዝገቡ ላይ የምጽፈው ስም የለኝም።

ሰዓት ያዥዋ ወረቀት እያሳየችኝ ነው። ይሁን፣ ላሳጥር።

ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ደራሲ ከመጋበዙ ከወር በፊት መጽሐፉ እዚህ ይግባ፤ ሁለት ሳይሆን አሥር ቅጂ። ለባነር የምናወጣው ለዚያ ይበቃል፤ ሒሳቡን ጠይቁ። በምሽቱ መጀመሪያ ደራሲው ያንብብ፣ አርባ ደቂቃ፣ ማንም ሳይቀድመው። የክብር እንግዳ ከመጣም ደስ ይለናል፤ ቁጭ ብሎ ይስማ፤ መጽሐፉን ካነበበው ደግሞ ይናገር። የቅኔ መምህራኑን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጡልኝ፤ ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ለደራሲው ከሰርተፊኬት ይበልጥበታል።

ወጣቶቹ ገጣሚዎች እንዳይቀየሙኝ፤ ግጥማችሁን አምጡ፤ ብቻ መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ የሚያርም ሰው ይስማው። ስለ ሕፃናቱ ክፍልም ልናገር አስቤ ነበር፤ ጊዜ የለም፤ የሚተካኝ ሰው ያውቀዋል። ጣሪያው በሰሜን በኩል ያፈሳል፤ የታሪክ መጻሕፍቱን ወደ መግቢያው ያዛወርኳቸው ለዚያ ነው፣ መልሳችሁ እንዳትወስዷቸው።

የኔታ ዛሬ የሉም። ዝናቡ ከልክሏቸው ነው፤ ደህና ናቸው፤ ትናንት ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ አሁን ሌላ መጽሐፍ ይዘናል፣ ገጽ 140 ደርሰናል።

የመጨረሻዋ ነገር የመዝገብ ጉዳይ ናት። ከመጋቢት ወዲህ ወስዳችሁ ያልመለሳችሁ አሥራ ሰባት ሰዎች እዚህ አዳራሽ አላችሁ። ስም አልጠራም፤ ሁለታችሁ ከፊት ረድፍ ናችሁ። መዝገቡን ጉድለት ይዤ ማስረከብ አልፈልግም። ነገ ከ3 ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው፤ በዝናቡ ምክንያት በላስቲክ ጠቅልላችሁ አምጡ። አንብባችሁት ያዘገያችሁ ቅጣቱን ትቼላችኋለሁ። ሳታነቡ ያቆያችሁት ግን ክፈሉ።

አመሰግናለሁ።